የመመሪያው ሥዕል የማንን ባህል ያሳያል?

አዲስ ዕቃ ከካርቶን ሲወጣ አብሮት ስለሚወጣው የአጠቃቀም መመሪያ፣ በተለምዶ ማኑዋል ስለምንለው፣ በሚጻፉ ጥናቶችና በሚሰጡ የሙያ ሥልጠናዎች ውስጥ አንድ አመለካከት ሥር ሰዷል። የጃፓንና የቻይና መመሪያዎች በካርቱን፣ በቀለምና በሰው ምስል የሚደምቁት፣ የአሜሪካና የጀርመን መመሪያዎች ደግሞ ባልተቀባ የመስመር ሥዕልና በተራ ቁጥር በተደረደረ ጽሑፍ የሚወሰኑት የሕዝቦቹ ጥልቅ እሴት ስለሚለያይ ነው ይላል። ከዚህ ተነሥቶም ለንድፍ ባለሙያው ምክር ይሰጣል፦ የአንባቢህን አገር በባህል ሰንጠረዥ ላይ ፈልግ፣ ነጥቡን ተመልከት፣ ሥዕልህን በዚያው ልክ ቅረጽ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ አመለካከት የቀረበ ምላሽ ነው። ሰው ሥዕልን የሚያነብበት መንገድ ከባህሉ እንደሚቀዳ እኔም አምናለሁ። የምሞግተው ባህሉ ተፈልጎ ተገኘ የተባለበትን ቦታ ነው። መመሪያዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የታየውን ልዩነት ሁሉ ለአንባቢው ሕዝብ እሴት መስጠት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የሠሪው ሕግ፣ ወጪና የሙያ ልማድ የአንባቢው ጠባይ መስሎ ይታያል። ሁለተኛ፣ አንባቢውን በእርግጥ የሚያሰናክሉት ትንንሽ፣ ተጨባጭና ሊፈተኑ የሚችሉ ልዩነቶች ከዓይን ይሰወራሉ። አብዛኛውን ዕቃ በሰው አገር ቋንቋ በተጻፈ መመሪያ ለምንገለገል ለእኛ ጉዳዩ ከምሁራን ክርክር ያልፋል፤ የእጅና የዓይን፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነው።

አመለካከቱ የቆመባቸው ምሰሶዎች

የሚሞገተውን ሐሳብ አስቀድሞ በአግባቡ ማቅረብ ይገባል። አመለካከቱ በዋናነት በሁለት ሰዎች ሥራ ላይ ቆሟል። አንደኛው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ባሳተመው መጽሐፉ ብዙው ነገር ሳይነገር የሚታወቅባቸውንና ሁሉም ነገር በግልጽ ቃል የሚነገርባቸውን ባህሎች ለይቷል። በዚህ አከፋፈል ጃፓን፣ ቻይናና የዐረብ አገሮች በአንድ ጫፍ፣ ጀርመን፣ ስካንዲኔቪያና አሜሪካ በሌላው ጫፍ ይሰለፋሉ። ሁለተኛው ሆላንዳዊው ኼርት ሆፍስቴድ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት የአይቢኤም ሠራተኞች የሞሏቸውን ከ116,000 በላይ መጠይቆች ተንትኖ አገሮችን በሥልጣን ርቀት፣ በግለኝነት፣ እርግጠኛ አለመሆንን በመሸሽና በመሳሰሉት መለኪያዎች ነጥብ ሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሮን ማርከስና ኤሚሊ ጉልድ እነዚህን መለኪያዎች ወደ ኮምፒውተር ገጽ ንድፍ አሻገሯቸው። ከዚያ በኋላ ስለ መመሪያ የሚጽፉ ብዙዎችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ።

አመለካከቱ አንድ ትልቅ ውለታ እንደዋለ መካድ አይቻልም። ከእርሱ በፊት የነበረው እምነት ሥዕል ሁሉም ሰው ሳይማር የሚያነበው የዓለም ቋንቋ ነው የሚል ነበር። ኦቶ ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1925 በቪየና ሙዚየም ከፍቶ፣ በኋላ አይሶታይፕ የተባለውን የምስል አሠራር ከባልደረቦቹ ጋር ሲያዳብር ያነሣሣው ይኸው ተስፋ ነው። ይሁንና በ1950ዎቹ ባለቤቱ ማሪ ኖይራት ለምዕራብ አፍሪካ አገሮች ስትሠራ ምስሎቹ ከአካባቢው ሰውና ኑሮ ጋር እንዲስማሙ አድርጋ እንደገና መቅረጽ አስፈልጓታል። የቪየናው ምስል እንዳለ አልተሻገረም። ይህን ያስታወሰን ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው ካልተሻገረ ለምን አልተሻገረም ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

መመሪያው ስለ ሠሪው ይናገራል

የብዙዎቹ ጥናቶች ዘዴ ይታወቃል። ከሁለት አገሮች መመሪያዎች ይሰበሰባሉ፣ በውስጣቸው ያሉት ሥዕሎች ይቆጠራሉ፣ በዓይነት በዓይነት ይመደባሉ፣ ልዩነት ሲገኝም በባህል ይተረጎማል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ቀላል ጥያቄ አለ፤ መመሪያውን የሠራው ማነው? አንባቢው አይደለም። ያዘዘው ኩባንያ፣ የሣለው ባለሙያ፣ የመረመረው የሕግ ክፍልና ያተመው ማተሚያ ቤት ናቸው። ከተቆጠሩት ሥዕሎች የምንማረው የእነርሱን አሠራር ነው።

ይህን ለማየት ንድፈ ሐሳቡ ራሱ እጅግ ቃል-ተኮር ወደሚላቸው አገሮች እንሂድ። በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቃል አልባ መመሪያ የማን ነው? የስዊድኑ የአይኪያ ነው። መደርደሪያው፣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ የሚገጣጠሙት አንድም ዓረፍተ ነገር በሌለው የመስመር ሥዕል ነው። የዴንማርኩ ሌጎም እንዲሁ ነው። ስካንዲኔቪያውያን ሁሉን በቃል ማስቀመጥ የሚወዱ ሕዝቦች ከሆኑ፣ ቃል አልባው መመሪያ ከእነርሱ ቤት እንዴት ወጣ? መልሱ ያለው ገበያው ላይ ነው። አንድ ዓይነት ሣጥን ለብዙ አገር የሚሸጥ ድርጅት ቃሉን ሲተው የትርጉምና የኅትመት ወጪውን ይተዋል።

ካርቱኑንም እንመልከት። ካርቱን የምሥራቅ እስያ ጠባይ ነው ከተባለ፣ ዊል አይስነርን ምን ልናደርገው ነው? ይህ የታወቀ አሜሪካዊ የኮሚክ ሠዓሊ ከ1951 ጀምሮ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለአሜሪካ ጦር ፒ ኤስ የተሰኘውን ወርኃዊ የጥገና መጽሔት በገጸ ባሕርያት፣ በቀልድና በቀለም ሲያዘጋጅ ኖሯል። በ1968 ለኤም 16 ጠመንጃ አያያዝ የታተመውም መመሪያ የእርሱ የኮሚክ ሥራ ነው። የጀርመን ጦር እንኳ በ1943 ለታይገር ታንክ ሠራተኞች ያሳተመው ፊደል መቁጠሪያ መሰል መመሪያ በካርቱንና በግጥም የተሞላ ነበር። በ1969 ጆን ሚዩር ያሳተመው የቮልስዋገን ጥገና መጽሐፍም ተወዳጅ የሆነው በፒተር አሽዋንደን የቀልድ ሥዕሎች ጭምር ነው። እነዚህን የሚያገናኛቸው የአገራቸው ነጥብ አይደለም። አንባቢያቸው ነው። መካኒክነት ያልተማረ ወጣት ወታደር ወይም የመኪና ባለቤት፣ አሰልቺ ነገር በግድ መማር ያለበት ሰው፣ ካርቱን ይቀርበዋል። የጃፓን የቤት ዕቃ አምራችም ካርቱን የሚያስገባው ለተመሳሳይ ሰው ነው፤ በአገሩ ደግሞ ማንጋ የለመደ አንባቢና ማንጋ መሣል የሚችል ባለሙያ በብዛት ያገኛል።

ሕጉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ገጹን ይቀርጻል። የአሜሪካ መመሪያ ገና ሲከፈት በማስጠንቀቂያ የሚጀምረው ፍርድ ቤቶቹ አምራቹን አላስጠነቀቅህም ብለው ስለሚያስከፍሉት ነው። አደጋን በቀይ፣ ማስጠንቀቂያን በብርቱካናማ፣ ጥንቃቄን በቢጫ የሚለየው የአንሲ ዜድ 535 ደረጃም የዚያው ሥርዓት አካል ነው። ጃፓን የምርት ኃላፊነት ሕጓን በ1994 አውጥታ ከሐምሌ 1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ስታውል፣ በጃፓን መመሪያዎች ፊት ገጾች ላይ ማስጠንቀቂያው ቦታውን አሰፋ። የጃፓናውያን እሴት በአንድ ጀምበር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተጠያቂነቱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የማሽነሪ ደንቡ መመሪያው ማሽኑ በሚሸጥበት አገር ኦፊሴላዊ ቋንቋ እንዲቀርብ ያስገድዳል። በዚህ የተነሣ ሥዕሎቹ በሙሉ ፊት ላይ በቁጥር ታጭቀው፣ ጽሑፉ በብዙ ቋንቋ ከኋላ የሚከተልበት ወፍራም መጽሐፍ ተለመደ። ሥዕሉ አንዴ ይሣላል፣ ለሁሉም ቋንቋ ያገለግላል። አንባቢው ግን ጣቱን በአንዱ ገጽ ላይ አድርጎ ሌላውን ሲገልጥ ይውላል። ይህን አቀማመጥ አይቶ የአውሮፓውያን ተንታኝ አእምሮ ሥዕልን ከጽሑፍ ይለያል ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ የኅትመት ወጪን ፍልስፍና አድርጎታል።

አንባቢውን ራሱን የጠየቁ ጥናቶች ሲታዩ ነገሩ ሌላ ነው። ፉኩኦካ፣ ኮጂማና ስፒሪዳኪስ በ1999 ያሳተሙት ጥናት የጃፓንና የአሜሪካ አንባቢዎችን በመመሪያ ሥዕሎች ላይ አነጻጽሯል። የሁለቱም አገር ሰዎች ሥዕል ሲጨመር መመሪያውን መከተል እንደሚቀል፣ ጽሑፍና ሥዕል ተጣምረው ሲቀርቡም ከጽሑፍ ብቻም ሆነ ከሥዕል ብቻ እንደሚሻል ገልጸዋል። መመሪያዎቹ ይለያያሉ፤ አንባቢዎቹ ግን በዋናው ነገር ተስማምተዋል።

ሰንጠረዡ ያልተጠየቀውን ይመልሳል

ወደ ነጥቦቹ እንመለስ። የሆፍስቴድ መጠይቅ የጠየቀው ስለ ሥራ ነው፤ ስለ አለቃና የበታች፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ዋስትና። ሰው ቀስትን፣ ቀለምን ወይም የተቆረጠ የማሽን ሥዕልን እንዴት እንደሚያይ የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ የለበትም። መልስ ሰጪዎቹም የአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ናቸው። ብሬንዳን ማክስዊኒ በ2002 ባሳተመው ትችት ከእነዚህ ሰዎች መልስ ተነሥቶ ስለ አንድ አገር ሕዝብ ሁሉ መደምደም እንደማይቻል በዝርዝር ተከራክሯል። ሆፍስቴድ ራሱ የአገር አማካይ ለግለሰብ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። የሆልን አከፋፈል በተመለከተም ፒተር ካርደን በ2008 መሠረቱን መርምሮ በሥርዓት የተሰበሰበ ልኬት እንደሌለው አሳይቷል።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። በሆፍስቴድ የመጀመሪያ መረጃ ኢትዮጵያ ለብቻዋ ነጥብ የላትም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምራ ምሥራቅ አፍሪካ በሚል አንድ ስም ሥር ገብታለች። ግብፅ፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሊባኖስ፣ ሊቢያ፣ ሳዑዲ ዐረቢያና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም እንዲሁ በአንድ ተጨፍልቀዋል። በሌላ ፊደል የሚጽፍ፣ በሌላ አቆጣጠር ዘመኑን የሚቆጥር፣ ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ የሚጀምር ሕዝብ ከሉሳካ የቢሮ ሠራተኛ ጋር ተደምሮ በተገኘ ቁጥር የመድኃኒት መመሪያ ሊሣልለት ይገባል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ከአንድ ነጥብ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች መውጣታቸው ነው። ማሱዳና ኒስቤት በ2001 ባሳተሙት የታወቀ ሙከራ ጃፓናውያን የዓሣ ምስል ሲያዩ ከአሜሪካውያን ይልቅ የኋላውን ገጽታ አስተውለው ተናግረዋል። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ለጃፓናዊ አንባቢ ዳራ ያለው የደመቀ ሥዕል ስጡት ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ ዳራውን ስለሚያስተውል ከሥራው እንዳያናጥበው ዳራውን አጥፉለት ሊል ይችላል። ሁለቱም ከአንድ ግኝት በእኩል አመክንዮ ይወጣሉ። እርግጠኛ አለመሆንን ይሸሻል የተባለው ሕዝብም አንዴ ዝርዝር ይብዛለት፣ አንዴ ምርጫ ይቀነስለት ሊባል ይችላል። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚመራ መንገድ ጠቋሚ ንድፍ አውጪን የትም አያደርሰውም።

ባህል በእርግጥ የሚገኝበት ቦታ

ታዲያ ባህል የት ነው ያለው? በተማርናቸው ስምምነቶች ውስጥ ነው፤ በምልክቱ፣ በአቅጣጫው፣ በሰዓቱ፣ በቤቱ ቅርጽ፣ በወረቀቱ። እነዚህ ስምምነቶች ደግሞ የባህል ሰንጠረዡን ድንበር አያከብሩም።

በእኛ ትምህርት ቤቶች የራይት ምልክት ያገኘ ተማሪ ይደሰታል፤ ኤክስ ያገኘ ያዝናል። ጃፓን ውስጥ ትክክል የሚባለው መልስ የሚከበበው በክብ ነው፤ የእኛው ራይት እዚያ ስሕተት ማለት ሊሆን ይችላል። ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥም መምህሩ ያንኑ ምልክት የሚያደርገው ስሕተቱ አጠገብ ነው። በንድፈ ሐሳቡ ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙት ጃፓንና ስዊድን እዚህ ላይ አንድ ናቸው፤ ስዊድንና አሜሪካ ግን ተለያዩ። እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ የሚሉ ጥንድ ሥዕሎችን በራይትና በኤክስ ለይቶ የሚያቀርብ መመሪያ ይህን ማወቅ አለበት፤ ይህን ግን የትኛውም የእሴት ነጥብ አይነግረውም። ስምምነት መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ መለወጥ መቻሉ ነው። በጃፓን የፕሌይስቴሽን ተጫዋቾች ለዓመታት በክብ እሺ፣ በኤክስ ተመለስ ሲሉ ቆይተው፣ በ2020 በወጣው ፕሌይስቴሽን 5 አምራቹ ከሌላው ዓለም ጋር አንድ አደረጋቸው።

አቅጣጫም እንዲሁ ነው። ባርባራ ትቨርስኪ፣ ሶል ኩገልማስና አታሊያ ዊንተር በ1991 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥና ዐረብኛ የሚናገሩ ልጆችና ዐዋቂዎች ቁርስን፣ ምሳንና ራትን የመሳሰሉትን ነገሮች በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ጠይቀዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ የመደርደር ዝንባሌ አሳዩ፤ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ በመካከል ሆኑ። ምንጩ የጽሕፈት ልማድ ነው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ ወይም በእስራኤል የምትኖር አማርኛ አንባቢ እህታችን የልብስ ማጠቢያውን መመሪያ ስትከፍት ቁጥር የሌላቸው ተከታታይ ሥዕሎች ካጋጠሟት መጀመሪያ የምታየው የመጨረሻውን እርምጃ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ሥዕሎቹን ቁጠሯቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ የሰዓት ሥዕል ይሰጠናል። በመድኃኒት መመሪያ ላይ ክብ ሰዓት ተሥሎ አጭሩ ዘንግ 7 ላይ ቢያርፍ፣ ሠዓሊው ማለት የፈለገው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ በፊት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥዕል ሁለት ጎረቤታሞች ይዩት። አንዷ የግድግዳ ሰዓቷን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልታ ተቃራኒውን ቁጥር እያነበበች የኖረች ናት፤ 7ን አይታ አንድ ሰዓት ትላለች፣ በትክክልም ትወስዳለች። ሌላዋ ሰዓቷን በሀገርኛው የሞላች ናት፤ ሰባት ሰዓት ትላለች፣ መድኃኒቱንም ከምሳ በኋላ በሞላ ሆድ ትውጠዋለች። ሁለቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ በሰንጠረዡም አንድ ነጥብ አላቸው። ሥዕሉ ግን ለአንዷ ትክክል፣ ለሌላዋ ስሕተት ተናግሯል። የማብቂያ ዘመኑም ከዚህ የተለየ አይደለም። ማሸጊያው ላይ 2020 የሚል ቁጥር ያየ ሰው በ2017 ዓ.ም. ገና ሦስት ዓመት ቀርቶታል ብሎ ቢያስብ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዕቃው ካለፈበት አራት ዓመት ሆኖታል። ከቁርስ በፊት የሚሉት ሁለት ቃላትና ከዘመኑ አጠገብ የሚጻፍ እ.ኤ.አ. የሚያድኑትን ማንኛውም ያሸበረቀ ካርቱን አያድነውም።

ሥዕል ማንበብ አለመቻል ከተባለም መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ውጪ ነው። ደረጎውስኪና ሁለቱ ሙልድሮዎች በ1972 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ የሜኤን ሰዎች የተሣለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ወረቀቱን አሸተቱት፣ ጨማደዱት፣ በአፋቸውም ሞከሩት፤ ሥዕሉን ልብ አላሉትም። ወረቀት ራሱ እንግዳ ነገር ነበርና። በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ የተሣሉ የዱር እንስሳት ሲቀርቡላቸው ግን አብዛኞቹ፣ አንዳንዶቹም ክፍል በክፍል እያዩ፣ ለይተው አወቋቸው። ይህን ግኝት አፍሪካዊ ሥዕል አያነብም ለሚል ድምዳሜ ማዋል ግፍ ነው። የሚያስተምረን ሰው የሚያየውን የሚወስነው የለመደው መሆኑን ነው። በዚያው አገር ከፍ ብሎ የንግሥት ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል በተደረደረ ሸራ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚከተል ሕዝብ አለ፤ ቅዱሱን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን ፊትና በአንድ ዓይን የሚለይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓትም አለ። አንድ አገር፣ ብዙ የአነባበብ ትምህርት።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮስ ዳውስና ማርቲና ኤለርስ በ2001 ያሳተሙት ሥራ ነገሩን ያጠናክረዋል። በትምህርት ብዙ ያልገፉ የኮሳ ተናጋሪዎች የአሜሪካን የመድኃኒት ምልክቶችና እዚያው የተዘጋጁትን እንዲተረጉሙ ተጠየቁ። የተሻለ የተረዱት በአካባቢው የተዘጋጁትን ነበር። ትርጉሙ ከተነገራቸው በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁ ደግሞ መረዳታቸው ጨመረ። ባህል አለ ማለት ነው፤ ግን የሚማሩት ነገር ነው። የአካባቢው ሥዕል የተሻለውም ሰው ተጠይቆና ተፈትኖ ስለተሠራ ነው።

የማይታየውን መሣል

ለአፍሪካ አንባቢ ሥዕል ብቻ ይበቃዋል የሚለውን የዚህ አመለካከት ቅጥያ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሕዝቡ የቃል ባህል ነው፣ ማንበብ አይወድም፣ ሥዕል ስጡት ይባላል። ይህን የሚል ሰው ጀነሬተርን ያስብ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር በየሱቁ ደጃፍ የሚያጓራውን። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ከ2007 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ጀነሬተሮች ላይ ግዴታ ያደረገው ምልክት ሁለት ነገር አጣምሯል። በአንድ በኩል ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጀነሬተር ተሰርዞ፣ ከቤቱ ርቆ የቆመው ደግሞ ተፈቅዶ ይታያል። በሌላ በኩል መርዙ እንደማይታይና እንደማይሸት በቃል ተጽፏል። ቃሉ የግድ ያስፈለገው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማይሣል ነገር ስለሆነ ነው። ሠዓሊው ጭስ ቢሥል፣ ጭስ ያላየ ሰው ደኅና ነኝ ይላል።

የሥዕሉ ቤት ደግሞ ለብቻው የቆመ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ ቤት ነው። ባለ ላሜራ በር ሱቅ፣ በሩ ግማሹ ወርዶ፣ ጀነሬተሩ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ይህ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? ባለሱቁ ከሥዕሉ መልስ አያገኝም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የባህል ሥራ ግልጽ ነው። ያንን ሱቅ ከነላሜራው መሣል፣ ከሥሩም እንደ ከሰል ጭስ አፍኖ ይገድላል፤ ግን አይታይም፣ አይሸትም ብሎ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ መጻፍ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ሲተኙ ስለሞቱ ሰዎች ያልሰማ በመካከላችን የለም፤ የገደላቸውም ያው ጋዝ ነው። አንባቢው የሚያውቀውን አደጋ ከማያውቀው ጋር ማገናኘት፣ ባህልን ማክበር ማለት ይህ ነው። ማንበብ የማይችል ቢኖር እንኳ የሚያነብለት ልጅ ወይም ጎረቤት አለ፤ ቃሉ ከሌለ ግን የሚነበብለት ነገር የለም።

ሰዎቻችን መመሪያ አያነቡም የሚለውም ክስ በዚሁ ይፈተን። ሻጩን ይጠይቃሉ፣ ኤሌክትሪሻን ይጠራሉ፣ ጎረቤት ሲያደርግ አይተው ያደርጋሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በእጃቸው ያለው መጽሐፍ በቻይንኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ከሆነ ሰው መጠየቅ ብልህነት ነው። የማያነበውን ቋንቋ ሰጥቶ አያነብም ማለት ጉድለቱን ከአምራቹና ከአስመጪው ላይ አንሥቶ በአንባቢው ላይ መጫን ነው።

ሊነሣ ለሚችል ተቃውሞ

ሰንጠረዡ መነሻ ብቻ ነው፣ ጊዜና ገንዘብ ለሌለው ንድፍ አውጪ ከምንም ይሻላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መነሻው ግን ብዙ ጊዜ መድረሻ ሆኖ ይቀራል፤ ነጥቡን ያየ ሰው አንባቢውን ያወቀ ይመስለዋልና። ርካሽነቱም ቢሆን ከፈተና አይበልጥም። ሰዎች ምልክቶችን መረዳታቸውን መፈተኛው መንገድ በዓለም አቀፉ ደረጃ በአይሶ 9186 ተቀምጧል። የአሜሪካው ዜድ 535.3 ደግሞ ልኩን አስቀምጧል፤ ከተጠየቁት 85 በመቶው በትክክል መረዳት አለባቸው፣ አደገኛ በሆነ መንገድ የሚሳሳቱት ከ5 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። 50 ሰው ቢጠየቅ ቢያንስ 43ቱ ገብቷቸው፣ በተቃራኒው የተረዱት ከ2 ሳይበልጡ ማለት ነው። ሥዕሉን ይዞ ወደ መርካቶ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ወፍጮ ቤት ሄዶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው አሳይቶ፣ ይህ ምን አድርግ ይልሃል ብሎ መጠየቅ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። መልሱም ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሳይሆን ስለዚያ ሥዕልና ስለዚያ አንባቢ ይሆናል።

ምን ይደረግ

ከዚህ ክርክር ለሦስት ወገን ሥራ ይወጣል። ተመራማሪው መመሪያ ቆጥሮ ስለ አንባቢ መደምደሙን ይተው፤ የገጹን ልዩነት ለባህል ከመስጠቱ በፊት ሕጉን፣ የኅትመት ወጪውን፣ የትርጉም ግዴታውንና የሠዓሊውን ሥልጠና ይመርምር። አስመጪውና አምራቹ ዕቃውን ሲሸጡ በተጠቃሚው ቋንቋ የተጻፈ፣ ሥዕሉ የተቆጠረ፣ ሰዓቱና ዘመኑ በማያሻማ መንገድ የተቀመጠ መመሪያ ያቅርቡ። የእኛ የግራፊክስ ባለሙያዎችና የንድፍ ተማሪዎች ደግሞ ከውጪ የመጣን ሥዕል ጥልፍና መስቀል በመጨመር አገርኛ ማድረጋቸውን ትተው፣ ባለሱቁ፣ እናቲቱና የቤት ሠራተኛዋ ሥዕሉን እንዴት እንደሚያነቡት በመጠየቅ ይጀምሩ።

ባህልን ከልብ የሚያከብር ሰው ሕዝብን በቁጥር አይወክልም። ስለ አንድ ሕዝብ ዓይን ምክር ለመስጠት የሚነሣ ሁሉ፣ ማንን አሳይተህ፣ ማንን ጠይቀህ ይህን አወቅህ ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ይዞ ይምጣ።